የኮሎኔሉ ጥላ

እትዬ ቬሊካ ሰባት ወረቀት፣ አንድ ጣሳ ሙጫና አንድ ብሩሽ አስይዛ ላከችኝ። የባሏ የኮሎኔል ቦጎሚል ዛፊሮቭ አርባ በማግስቱ ነበር። ወረቀቱ ላይ ፎቶግራፉ አለ፤ ከፎቶው ሥር «ጡረተኛ ኮሎኔልና ሲቪል መሐንዲስ» ይላል፤ ቀጥሎ የጸሎቱ ሰዓት፣ በመጨረሻም «ከቤተሰቡ»። እኛ አገር የሞተ ሰው ቶሎ አይሰናበትም። በር ላይ፣ ዛፍ ላይ፣ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ተለጥፎ ዝናብ እስኪያጥበው ድረስ አላፊ አግዳሚውን ሲያይ ይከርማል። ስድስቱን በየቦታው ለጠፍኩ። ሰባተኛው የድልድዩ ነበር።

ድልድዩ ላይ ስደርስ ብሩሹን ሙጫ ውስጥ እንደነከርኩ ቆሜ ቀረሁ። ፎቶው ትክ ብሎ ያየኛል። በሕይወቱም እንደዚያ ነበር የሚያይ፤ ሰውን ሲያይ ግድግዳ የሚመረምር ይመስላል።

«እዚህስ አልለጥፍህም፣ ጌታዬ» አልኩት። (አንተ ስለው ድፍረት እንዳይመስላችሁ። ጡረታ በወጣ ቀን «ከእንግዲህ እርስዎ ካልከኝ ታብላ አልጫወትህም» ብሎ አስምሎኛል።)

ያልለጠፍኩበት ምክንያት አጭር ነው። ሰውዬው የሞተው በሰማንያ አንድ ዓመቱ፣ ጓሮው ውስጥ ፕሪም ሲለቅም፣ ልቡ ቀጥ ብላ ነው። እኔ ግን የገደልኩት እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ለዚያውም በዚህ ድልድይ ምክንያት፣ ከሃምሳ አራት ዓመት በፊት።

ከመጀመሪያው ልናገር። ስሜ ሳሊህ ነው፤ ግንበኛ ነኝ፤ ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ለውትድርና ተጠራሁ። እኛን የዚህን አገር ቱርኮች ልጆች መንግሥት በጠመንጃ አያምነንም ነበርና አካፋ አስይዞ የግንባታ ጦር ውስጥ ከተተን። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጥይት ሳልተኩስ ወታደር ሆኜ ወገቤ ተቆረጠ። አለቃችን የሃያ ሰባት ዓመቱ መቶ አለቃ ዛፊሮቭ ነበር።

እንደ ዕድል የተመደብነው እዚሁ እኔ የተወለድኩበት መንደር፣ ቦሮቪና ነው። የቻታክ ወንዝ የእንጨቱን ድልድይ ጠርጎ ስለወሰደው በድንጋይ ልንሠራ መጣን። አንደኛው ምሰሶ እሺ ብሎ ቆመ። ሁለተኛውን ግን ወንዙ ሁለት ጊዜ ከሥሩ ቦርቡሮ ጣለው። በሁለተኛው ጊዜ ሁለት ጓደኞቻችን አብረው ወድቀው ለጥቂት ተረፉ። መቶ አለቃው እንቅልፍ አጣ፤ ዓይኑ ቀላ፤ «ዓለት እስክናገኝ ወደታች እንቆፍራለን» አለ። ቆፈርን።

«ኡስታ»፣ ባለሙያው፣ የምንለው ዋናው ግንበኛችን ራሚዝ ግን በመቆፈሩ አልተጽናናም። ነጭ ሪዙን እያሸ ወደ ጎን ጠራኝ።

«ልጁ መጽሐፍ ያውቃል» አለኝ፤ መቶ አለቃውን ማለቱ ነው። «ውሃው ግን መጽሐፍ አያነብም። ይሄ ወንዝ ሰው ነው የሚፈልገው።»

«ሰው ልንወረውርለት ነው እንዴ፣ ኡስታ?»

«ምን ዓይነቱ ደደብ ነው! ጥላ ነው እንጂ።»

እኛ ጋ ይህን የማያውቅ ግንበኛ የለም። አንድ ሰው ሳያውቅ ጥላው በክር ይለካል። ክሩ ድንጋይ ውስጥ ይገነባል። ሕንጻው ይቆማል፤ ጥላው የተወሰደበት ሰው ግን በአርባ ቀኑ ይሞታል፤ ነፍሱም እዚያው ዘብ ሆና ትቀራለች። መስጊድም ይሁን ቤተ ክርስቲያን፣ በዚህ ጉዳይ ሙስሊምና ክርስቲያን ተጣልተን አናውቅም።

ራሚዝ ቀይ ክር ሰጠኝና «ነገ ጠዋት መጀመሪያ የሚመጣውን ሰው ለካ» አለኝ። ሌሊቱን ግብር ሰብሳቢው እንዲሆን ስጸልይ አደርኩ። ጠዋት የመጣው መቶ አለቃ ዛፊሮቭ ነው። ባለ ሦስት እግሩን የቅየሳ መነጽር ተከለና ዓይኑን አስጠጋ። ፀሐይዋ ገና ከፊት ለፊቱ ብቅ ማለቷ ስለነበር ጥላው ከኋላው አሸዋው ላይ ረጅም ሆኖ ተጋድሟል። በሆዴ ተሳብኩ። ከተረከዙ እስከ ቆቡ ጫፍ ለካሁና ክሩን በጥርሴ በጠስኩት።

«ሳሊህ» አለ ዞር ሳይል። «ውሃ ልኩን አቀብለኝ።»

ክሩን እጅጌዬ ውስጥ ከተትኩ። ውሃ ልኩን አቀበልኩት። ክሩን በራሚዝ የትምባሆ ጣሳ ከተን፣ ከሁለተኛው ምሰሶ ሰባተኛው ረድፍ ድንጋይ ጀርባ ገነባነው።

በሠላሳ ስድስተኛው ቀን መቶ አለቃው ሆዱን ይዞ ወደቀ።

በጭነት መኪና ጭነው ወሰዱት። እኔ እህል አልቀምስ አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ስለሱ የሚጠይቅ ሰው ፊት ሁሉ «ምን እንደሆነ አላውቅም» እላለሁ። ራሚዝ ትምባሆውን እያቦነነ «ምሰሶው ቆሟል» ብቻ ይላል። በአርባኛው ቀን ከእንጨት ክምር ጀርባ ሄጄ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። በሃምሳ አንደኛው ቀን መቶ አለቃው ትርፍ አንጀቱ ወጥቶለት፣ ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ጠብቦ፣ በእግሩ እየሄደ መጣ።

«ምነው ሳሊህ፣ ሬሳ ያየህ ትመስላለህ?» አለኝ። የአካፋዬን እጀታ አቅፌ እንባዬን አፈሰስኩ። መሐረቡን ሰጥቶኝ ወደ ሥራው አለፈ።

ደስታዬን ያበላሸብኝ ራሚዝ ነው። «ቀኑን ማን ቆጥሮት ያውቃል» አለኝ። «አርባ ቀን ሊሆን ይችላል፤ አርባ ወርም፤ አርባ ዓመትም።» ይሄ ክፉ ሽማግሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንገቴ ላይ የሂሳብ መጻፊያ ሰሌዳ አንጠልጥሎብኝ ሄደ።

ዛፊሮቭ ከዚያ በኋላ በየአገሩ አሥራ አንድ ድልድይ ሠራ፤ ኮሎኔል ሆነ። ያችን ክረምት ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። መንግሥት የቱርክ ስማችንን ወስዶ በግድ ሌላ የሰጠን ክረምት ናት። ፖሊሶች መንደራችንን ከበው፣ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ አንድ በአንድ አስፈረሙን፤ ሳሊህ ሆኜ ገብቼ ስላቭቾ ሆኜ ወጣሁ። የሞቱት አያቶቻችን ስም እንኳ አልቀረላቸውም። ከሳምንት በኋላ ኮሎኔሉ መለዮውን እንደለበሰ መጠጥ ቤቱ ገባ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«ሳሊህ የት አለ?» አለ ድምጹን ከፍ አድርጎ። «ና፣ ድልድዩን እንይ።»

ጥግ ላይ ያለው ፖሊስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓድ ኮሎኔል፣ ሰውዬው አሁን ስላቭቾ ነው።»

«እኔ ስላቭቾ የሚባል ግንበኛ አላውቅም» አለና ክንዴን ይዞ ወጣ። ወንዙ ዳር ስንደርስ አንድ ባልዲ ሲሚንቶ አምጣ አለኝና ሳመጣለት «አንተ ቤትህ ሂድ፣ እሳት ሙቅ፤ እኔ ትንሽ ስንጥቅ አይቻለሁ፣ እደፍናለሁ» አለኝ። ጄኔራል ሳይሆን የቀረው ፖሊሱ ፊት በተናገራት ቃል ነው ይባላል። እሱ ግን ሲጠየቅ «ለጄኔራል ኮት ትከሻዬ ጠባብ ነው» ነበር የሚል። ከዓመታት በኋላ ስማችን ተመለሰልን። እውነቱን ለመናገር ግን ከዚያች የመጠጥ ቤት ቀን ጀምሮ የኔ ስም ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።

ጡረታ ሲወጣ የእትዬ ቬሊካ መንደር ይቺው ናትና ከድልድዩ አጠገብ ቤት ሠርተው ገቡ። ጎረቤቴ ሆነ። የመንደሩን የውሃ ቧንቧ ዘረጋ፤ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ አቃና፤ ከንቲባውን ፊት ለፊት «የሠራኸው መንገድ ቂጣ ነው» አለው። በየጸደዩ ትንሿን መዶሻ ይዞ ድልድዩን ድንጋይ በድንጋይ እያንኳኳ፣ ጆሮውን እያስጠጋ ያዳምጣል። እኔም በበጋ ማር፣ በመከር ባቄላ፣ በክረምት የሊንደን አበባ ሻይ ይዤ ደጁ አልጠፋም። ሳል ካለው የሱን ሳል እኔ ነበርኩ የምታመም። አርባኛው ዓመት በሞላ ዕለት ከጠዋት እስከ ማታ አጠገቡ ተቀምጬ በታብላ አሥራ አንድ ጊዜ ተሸነፍኩ።

«ሳሊህ፣ አንተ ቤት የለህም?» አለችኝ እትዬ ቬሊካ ያን ዕለት።

«ተይው» አላት እሱ እየሳቀ። «ሲሸነፍ ያምርበታል።»

አሁን እንግዲህ ሞቷል፤ ነገ አርባው ነው። ራሚዝ እንዳለው ከሆነ ነፍሱ አልሄደችም፤ ሁለተኛው ምሰሶ ላይ ዘብ ቆማለች። ክሩን ካላወጣሁ ዕረፍት የለውም። ክሩን ካወጣሁ ደግሞ ድልድዩ ይወድቃል። ማዶ ሃያ ሁለት ቤት አለ፤ ዳቦውም፣ ሐኪሙም፣ የጡረታ ገንዘቡም የሚሻገረው በዚህ ድልድይ ነው። ሙጫው ብሩሹ ላይ ሲደርቅ ባዶ እጄን ወደ እትዬ ቬሊካ ተመለስኩ።

እሷ ማድ ቤት ውስጥ ለነገው የሚሆነውን ስንዴ ቀቅላ ዋልነት ትፈለፍላለች። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ክሩን፣ ጣሳውን፣ አርባውን ቀን። ስንዴውን እያማሰለች ሰማችኝ። ስጨርስ የእንጨት ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ሃያ ዘጠኝ ዓመት ማር ስታመላልስልን የኖርከው ለዚህ ነው?»

«መጀመሪያ ለዚህ ነበር» አልኩ። «ኋላ ግን ወደድኩት።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። የተቆጣች መስሎኝ ቆቤን አነሳሁ።

«ወዴት ነው?» አለችኝ። «አሁን ምንድን ነው የምትፈልገው?»

«ክሩ ከነገ በፊት ይውጣ። ግን እትዬ፣ ራሚዝ ክሩ ከወጣ ድልድዩ ይፈርሳል ብሎኛል።»

ምድጃውን አጠፋች። «ቦጎሚል ዕድሜውን ሙሉ ዘብ ቆሟል» አለች። «ይበቃዋል። መሰላሉን አምጣ።» እኔ አሁኑኑ ነው ወይ ብዬ ስጠይቃት ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች፤ እኛ ጋ እንደዚያ ሲነቀነቅ አዎ ማለት ነው።

ነሐሴ እኛ ጋ ደረቅ የበጋ ወር ነውና ወንዙ ቁርጭምጭሚት አይደርስም። የሰባ ስምንት ዓመት አሮጊት የባሏን የጎማ ቦቲ ተጫምታ መሰላል ትይዛለች፤ የሰባ ሦስት ዓመት ሽማግሌ ይወጣል። ያየን ሰው ሁለቱም አብደው ጨርሰዋል ይል ነበር። የኮሎኔሉን መዶሻ አቀበለችኝ። ሰባተኛውን ረድፍ ቆጥሬ ድንጋዩን መታሁት። ባዶ ጮኸ።

እዚያው መሰላሉ ላይ ደረቅኩ።

«ምን ሆንክ? አዞረህ?»

«ባዶ ነው የሚጮኸው።»

«ታዲያ ባዶ ቢጮህስ?»

«እትዬ፣ እሱ እኮ ይህን ድልድይ በየዓመቱ ሲያንኳኳ ነበር። እንዴት አይሰማውም?»

ግንበኛ ነኝ እላለሁ፤ ይህን ሃምሳ አራት ዓመት ሙሉ አላሰብኩትም። ፍርሃት ሰውን እንዲህ ያደነዝዛል። በመሮ ዳር ዳሩን ስፈለፍል ሲሚንቶው እኔና ራሚዝ ያቦካነው አልነበረም፤ ከኛ ይልቅ ነጭና ደቃቅ ነበር። ድንጋዩ ወጣ። የራሚዝ ጣሳ በወታደር የዝናብ ልብስ ቁራጭ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከፈትኩት። ቀዩ ክር ከላይ ተጠምጥሞ ነበር። አነሳሁት።

ልክ በዚያች ቅጽበት የዳቦው መኪና ከማዶ ብቅ አለ።

«እትዬ! ከሥሩ ውጪ!»

«ላይ ያለኸው አንተ፣ ውጪ የምትለው እኔን!» ብላ መሰላሉን ጭራሽ አጥብቃ ያዘች።

መኪናው እየተንገጫገጨ በላያችን አለፈ። ትንሽ አቧራ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሌላ ምንም አልሆነም። ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፍቶ ሰላም ብሎን ወደ ሱቁ ታጠፈ። ወረድኩና ጣሳውን ለእትዬ ቬሊካ ሰጠኋት፤ መነጽሬ ቤት ቀርቶ ነበር። ውስጡ ከማስታወሻ ደብተር የተቀደደ ወረቀት አለ። የባሏን እጅ ጽሑፍ ስታይ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዙራ አነበበችልኝ።

«ሳሊህ፤ ድንጋዩ ባዶ ስለጮኸ ከፈትኩት። ሥራህ ነውር ነው፤ ሲመችህ አስተካክለው። ክሩን ለካሁት፤ አራት ሜትር ከሃያ ነው። እኔ አንድ ሜትር ከሰባ አራት ነኝ፤ ስላስረዘምከኝ አመሰግናለሁ። ምሰሶው የቆመው ዓለቱን ስላገኘን ነው፤ ይህን ብነግርህ ግን አታምነኝም። ሰሞኑን ዳቦ ስትቆርስ ትልቁን ቁራሽ ለኔ ታደርጋለህ፤ ሳስል ፊትህ ይገረጣል። ከእናቴ ወዲህ እንዲህ የሳሳልኝ ሰው የለም። ትንሽ ልቆይና እነግርሃለሁ። መቶ አለቃ ዛፊሮቭ።»

ከዚያ ሥር በሌላ ቀለም ሌላ ጽሑፍ ነበር። ቀኑን ስታነበው አወቅሁት፤ ያች የስማችን ክረምት ናት።

«አልነገርኩህም። ጥፋቴ ነው። ዛሬ ግን ጣሳህን ለሌላ ጉዳይ ፈለግኋት። በድሮ መዝገቦች ላይ ያለው ስም ሁሉ ይታረም የሚል ትእዛዝ መጥቷል። የዚህን ድልድይ ሠራተኞች ዝርዝር ግን አያገኙትም፤ ጠፍቷል ብዬ ፈርሜአለሁ። እዚህ አለ። ጥላዬን እንደያዝክልኝ እኔም ስማችሁን ልያዝላችሁ።»

ከታች አራት ታጥፎ የተቀመጠ አንድ ገጽ አለ። በጽሕፈት መኪና የተመታ ነው፤ አርባ አንድ ስም። እትዬ ቬሊካ ውሃው ውስጥ እንደቆመች ጮክ ብላ አነበበችው። የመጀመሪያው ራሚዝ ነበር፤ «ዋና ግንበኛ» ይላል። ራሚዝ ከዚያች ክረምት በኋላ ሁለት ዓመት ኖሮ አፉ በማይዞርለት ስም ተቀበረ። ሐሰንን አነበበች፤ ሰዝጊንን አነበበች፤ ድንበር ተሻግረው የሄዱትን፣ የሞቱትን ሁሉ። ዘጠነኛው እኔ ነበርኩ። ሳሊህ። ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። አላፈርኩም።

«ስማችን ሲመለስ ለምን አልነገረኝም?» አልኳት። «ጎረቤቴ ሆኖ ሃያ ዘጠኝ ዓመት!»

«ማሩ እንዳይቀርበት ነዋ!» አለች። ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረና እሷም አለቀሰች። «ደግሞ ዓይን አፋር ነበር። እኔን ለማግባት እንኳ ስድስት ወር ሙሉ የአባቴን የውሃ ጉድጓድ ሲጠግን ነበር የከረመው።»

ከሰዓት በኋላ ሲሚንቶ አቦካሁ። ክሩን እትዬ ቬሊካ ወሰደችው፤ ነገ መቃብሩ ላይ እቀብርለታለሁ፣ ጥላውም ይረፍ ብላለች። ዝርዝሩን በየስማቸው ዘመድ ላላቸው ሁሉ አባዝተን እንልካለን። ለራሚዝም በራሱ ስም የመታሰቢያ ወረቀት ይታተምለታል፤ ዋጋውን እሷ ናት የምትችል። ክፍተቱን እስከ ጥጉ ሞላሁና ድንጋዩን መለስኩ። አመሻሹ ላይ ያዝ ሲያደርግ መዶሻውን ተቀብላኝ ራሷ ወጣች፤ ብከለክላትም አልሰማችኝም። መታችው። ጆሮዋን አስጠጋች። ደግማ መታችው።

«እንዴት ነው?» አልኳት ከታች።

«ሙሉ ነው» አለች። «ሃምሳ አራት ዓመት ዘግይተህ።»

ቀጥሎ ድልድዩ ላይ ወጣን። ሰባተኛውን ወረቀት ዘረጋሁ። ሙጫ ልቀባው ስል እትዬ ቬሊካ እጄን ያዘችና ከሽርጧ ኪስ እስክሪብቶ አወጣች። «ከቤተሰቡ» ከሚለው ሥር በትልልቁ «ቬሊካ፣ ሳሊህ» ብላ ጻፈች።

«እትዬ፣ ሰው ያየናል እኮ! ምን ይለናል?»

«በዚህ ዕድሜዬ ካሙኝማ ደስ ይለኛል። ይልቅ አጥብቀህ ለጥፍ፤ ንፋስ አለ።»

አጥብቄ ለጠፍኩት።